አይጥ በበላ

«በረመዳን! በጠራራ ፀሐይ! የገዛ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ቤቴ ውስጥ አለ እያልኩህ ነው!»

ሉጥፊያ በስልክ የምትጮኸው ጅዳ ባለው ባሏ በአብዱልወሃብ ላይ ነው። ሳሎኑና ወጥ ቤቱ በአንድ ግድግዳ ይለያያሉ፤ ግን የሉጥፊያን ድምፅ የሚያግድ ግድግዳ ካርቱም ውስጥ ገና አልተሠራም። ሐበሻዋ የቤት ሠራተኛ ረሺዳ ሽንኩርት መክተፏን ትታ ቢላዋውን እንደያዘች ቆመች። «ማን ሊሆን ነው? ዘበኛው ነው እንጂ! እዚህ ግቢ ውስጥ ከሱ በቀር የማይጾም ማን አለ? ቁልፉን ወጥ ቤቴ ገብቶ ወስዷል ማለት ነው። እኔና ሴት ልጆቼ የምንተኛበት ቤት ገብቷል ማለት ነው። ዛሬውኑ ለፖሊስ እሰጠዋለሁ!» ከዚያ የሉጥፊያ ድምፅ ዝቅ አለ፤ ባልየው አንድ ነገር ሳይላት አልቀረም። ረሺዳ ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ወዲያው ደግሞ መልሳ አነሳችው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል በአገሯ። እዚህ ግን ሊመታ የተዘጋጀው ዳዋ ዘበኛው ጋሽ ገብረየስ ናቸው፤ ጋሽ ገብረየስ ደግሞ የእናቷ ወንድም ናቸው። ይህን ከሁለቱ በቀር ሪያድ በሚባለው በዚህ የካርቱም ሰፈር የሚያውቅ ሰው የለም።

ነገሩ የፈላው ጠዋት ነው። አብዱልወሃብ የረመዳንን መጨረሻና ዒድን ከቤተሰቡ ጋር ሊያሳልፍ ነገ ይገባል፤ ከኤርፖርት የሚያመጣውም እሱ እንደ ልጁ የሚሳሳለት ትልቁ ነጭ መኪና መሆን አለበት። የቤንዚን ዋጋ በየሳምንቱ ሲዘል ሉጥፊያ «ይህን አውሬ የምቀልብበት የለኝም» ብላ ጓሮ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር አስቁማ፣ ግራጫ ልብስ አልብሳ ትታው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እሷም ልጆቿም የሚሄዱት በራክሻ ነው፣ እኛ ባጃጅ በምንለው። ዛሬ ልብሱ ተገፎ ቁልፉ ቢዞር መኪናው ትንፍሽ አላለም። የሁልጊዜው መካኒክ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ሰልፍ ስላለ ደግሞ ድልድዮቹ በኮንቴይነር ተዘግተዋል። ስለዚህ ቡሪ ከሚባለው ሰፈር ጂብሪል የሚባል ሽማግሌ መካኒክ መሣሪያውን በከረጢት አንጠልጥሎ በእግሩ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ፣ የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንስቶ ጎንበስ አለና «ያ ሰላም!» አለ፣ የጠፋ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው። ከወንበር ስፖንጅ፣ ከጨርቅና ከተቦጫጨቀ ፌስታል የተሠራ ጎጆ ውስጥ ፀጉር ያላበቀሉ ቀያይ የአይጥ ግልገሎች ይርመሰመሳሉ። እናትየዋ በጂብሪል ክንድ ላይ ዘልላ ወደ ቤቱ በር ሮጠች፤ የሉጥፊያ ሴት ልጆች የጮኹት ጩኸት ቡሪ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። የኤሌክትሪክ ገመዱ እንዳለ ተግጧል፤ ሽቦው ራቁቱን ቀርቷል።

«አይጥ ለገመድ ብሎ አይገባም» አለ ጂብሪል። «መጀመሪያ የሚበላ አግኝቶ ነው። ገመዱ ጥርሱን የሚስልበት ነው።» ይህን ብሎ ጎጆውን በካቻቢቴው ሲበታትነው ከስፖንጁ መካከል የተቆላ ገብስና ሽምብራ ተንከባለለ። ሉጥፊያ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ ዓይኗ አቀረበቻት። ሳጃና ሰፈር፣ ከሐበሻ ቡና ቤቶች ደጃፍ፣ በትንንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ሲሸጥ ስንቴ አይታዋለች። «ይህ የሐበሻ ነው» አለች። ቀጥላ የኋላው በር እንዳልተቆለፈ አየች፤ የኋላ ወንበሩ ላይ የደረቀ የሽሮ ጠብታ አየች። ከዚያ በኋላ ያየችው ሁሉ ማስረጃ ሆነላት። ረሺዳ ከበስተኋላዋ መጥረጊያ ይዛ ቆማ ነበር፤ ሉጥፊያ ግን አንድም ጊዜ ዞራ አላየቻትም። ረሺዳ ጾመኛ ናት፤ ጾመኛ ደግሞ አይጠረጠርም።

ቆሎውን የቆላችው ረሺዳ ናት። ሽሮውንም የሠራችው ረሺዳ ናት። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጥመዋል፤ ጣጣውን ያመጣውም ይኸው ነው። ሉጥፊያ «የማይጾም» ስትል ሌላ ቀን ቢሆን ረሺዳን ያስቃት ነበር፤ ጋሽ ገብረየስ ከሉጥፊያ ወር ያህል ቀድመው ጾም የያዙ፣ ሥጋና ወተት ምን እንደሚመስል የረሱ ሰው ናቸው። ልዩነቱ የሳቸው ጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ መፈታቱ፣ የነረሺዳ ደግሞ መግሪብን፣ የፀሐይ መጥለቂያውን፣ መጠበቁ ነው። በዚያች መሀል ባለችው ጊዜ አንድ ክርስቲያን ዘበኛ እንጀራውን ይዞ የት ይግባ? የጋሽ ገብረየስ ክፍል በሩ መጋረጃ፣ ፊቱ ወደ መንገድ ነው፤ ከደጃፉ ባለው የኒም ዛፍ ሥር የሰፈሩ ሾፌሮችና ዘበኞች ከንፈራቸው ደርቆ ተጋድመው የመግሪብን አዛን ይጠብቃሉ። ጾመኛ ፊት ማላመጥ ነውር መሆኑን ለወሎ ሰው የሚነግረው አያስፈልግም። ረመዳን የገባ ሰሞን እሳቸውም እስከ መግሪብ ሊውሉ ሞከሩ። መግሪብ ሲደርስ ግን መንገዱ ላይ በየምንጣፉ የሚዘረጋው ማዕድ ሁሉ ሥጋ የነካው ሆነ፤ «ተፈደል፣ ተፈደል» እየተባሉ ሲጎተቱ ውሃ ብቻ ጠጥተው ይመለሳሉ። አንገታቸው ሲሰልል ረሺዳ ከወጥ ቤቱ መስኮት አየች።

አንድ ቀን ሉጥፊያ ገበያ ስትወጣ ረሺዳ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ የተሰቀለውን ቁልፍ አወረደች፤ የመኪናውን የኋላ በር ከፍታ ቁልፉን መልሳ ሰቀለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ ኪስራ የሚሉትን የሱዳን እንጀራ በሽሮ፣ አንዳንዴም በፉል የያዘ ሳህን ከመኪናው ልብስ ሥር አሹልካ ወንበሩ ላይ ታስቀምጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሽ ገብረየስ ጓሮ የሚጠርጉ መስለው ይመጣሉ፤ ልብሱን ገልጠው እዚያ ምድጃ ውስጥ ይገባሉ፤ በልተው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ሳህኑን ቧንቧው ሥር ትተው ይወጣሉ። ቃል አይለዋወጡም። ቆሎውን ለምሽት ብላ ክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ ከታላቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ወንበሩ ላይ የአይጥ ቆሻሻ አየችና ጠርጋ፣ ነፍታሊን በትና ዝም አለች። ለማን ትናገር? ብትናገር ነገር ነው፤ ሆድ ይፍጀው አለች። ሆድ ፈጀው፤ አይጧም ገመዱን ፈጀችው።

ዝምድናቸውን የደበቁት ከረሺዳ በፊት የነበረች ሠራተኛና ወንድሟ ተማክረው የሉጥፊያን ወርቅ ይዘው ስለጠፉ ነው። ከዚያ ወዲህ የሉጥፊያ ሕግ አንድ ነው፤ እኔ ቤት ሁለት ዘመድ አይሠራም። ጋሽ ገብረየስ ጦርነቱ በመንደራቸው አልፎ ቤታቸውንም በሬዎቻቸውንም ካጠፋ በኋላ በገላባት በኩል ካርቱም ገብተው፣ ሳጃና አንድ ቡና ቤት ወለል ላይ ካርቶን አንጥፈው ሲያድሩ ነበር። ጥር ላይ የዘበኛው ቦታ ክፍት ሲሆን ረሺዳ «አንድ ሽማግሌ አለ፤ እኔ አላውቀውም፤ ሰዎች ግን ያመሰግኑታል» አለች። አላውቀውም ያለችው እናቷን በሕፃንነቷ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉትን ሰው ነው። እናቷ ክርስቲያን ተወልዳ፣ እስላም አግብታ ሰልማ፣ ዘይነባ ተብላ የሞተች ሴት ናት፤ ወሎ ውስጥ ይህ ወሬ አይሆንም፣ አንዱ ቤት ሐጂም ቄስም ያወጣል። ሪያድ ሰፈር ግን ማን ይህን ይረዳል ብላ ተወችው። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ለማንም ሽማግሌ በሚባለው «ያ ዐም» ትጠራቸዋለች፤ እሳቸውም «አንቺ ልጅ» ይሏታል፣ ልክ ዛሬ እንዳወቋት።

እንዲህ አንገቷን ደፍታ የምትኖርበት ምክንያት ደግሞ ጅዳ ነው። ከዒድ በኋላ አብዱልወሃብ ቤተሰቡን ጠቅልሎ ጅዳ ሊወስድ ነው፤ ሉጥፊያም «አንቺን ትቼ አልሄድም፣ ቪዛሽን እኔ አስጨርሳለሁ» ብላታለች። ረሺዳ ልጇን አብራርን ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ ትታ የመጣችው ልጅቷ ገና ጫማዋን መገልበጧን ሳታውቅ ነው፤ አሁን በስልክ «እሺ፣ እሺ» ብላ የምትዘጋባት ትምህርት ቤት ተማሪ ሆናለች። በሱዳን ገንዘብ ከዓመት ዓመት ቢለፉ ጠዋት ያለው ዋጋ ማታ የለውም። በሪያል ግን ሁለት ዓመት ብትሠራ ተመልሳ ከልጇ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ትገባለች። ይህን ታውቃለች፤ ቤቱን ስትጠርግም፣ ልብስ ስታሰጣም የምታስበው ይህንኑ ነው። ያቺ ቪዛ በሉጥፊያ እጅ ናት።

ሉጥፊያ ስልኩን ዘግታ መጣችና መኪናውን እንድታጥብ አዘዘቻት። ረሺዳ የሠራችውን ወንጀል ራሷ ልታጥብ ባልዲና ብሩሽ ይዛ ወጣች። ፀሐዩ ከቆርቆሮው በላይ ሆኖ ይፋጃል፤ ከሲቲን መንገድ በኩል የተቃጠለ ጎማ ሽታ እየመጣ አፍንጫ ይቆነጥጣል። በተበላው ስፖንጅ ውስጥ ጣቷን እየሰደደች ፍርፋሪውን ለቀመች፤ የኪስራ ስብርባሪ፣ ሁለት የሽምብራ ፍሬ፣ የራሷን እጅ ሥራ። ጂብሪል ከኮፈኑ ሥር ሆኖ ገመድ እየቀጠለ ይነጫነጫል፤ የገመዱ ዋጋ ትናንት ሌላ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ሌላ፣ ሱቁ ድልድዩ ስለተዘጋ ብሎ ደግሞ ጨመረበት። «ሻጣ በዘይት ቀብቼ እተውልሻለሁ» አላት፣ የሱዳንን ሚጥሚጣ ማለቱ ነው። «አንዴ ከቀመሱት አይደግሙም።» ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ሽማግሌው ነስራኒ ነው አይደል?» አለ፣ ክርስቲያን ነው ሊል። «ወላሂ እኔ ጾመኛ አፍሮ ተደብቆ በሚበላ ሰው አልቀየምም። ስማቸው ሙሐመድ ሆኖ በየጥጉ ሲጋራ የሚያጨሱ ስንት አሉ።» ረሺዳ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከረች። ለሱ መናገር ቀላል ነው፤ ገመዱን ቀጥሎ ወደ ቡሪ ይሄዳል።

ከቀትር በኋላ መቀመጥ አቃታት። ሽንኩርቱን ከተፈች፤ የከተፈችውን እንደገና ከተፈች። አይጧን ፍለጋ ሶፋ ይነሣ ሲባል አነሣች፣ ይመለስ ሲባል መለሰች፤ ልጆቹ አልጋ ላይ ቆመው «እዚያ! እዚያ!» ይላሉ፣ አይጥ ግን የለም። ዙህርን ልትሰግድ ጣሪያው ላይ ወዳለው ክፍሏ ወጥታ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለች ጠፋባት፤ ከመጀመሪያው ጀመረች፣ ደግሞ ጠፋባት። ሉጥፊያን እንደምትጠራት «ማማ፣ እኔ ነኝ» የሚለውን በዓረብኛ ለብቻዋ ሞከረችው። ሁለት ቃል ነው። ከዚያ አብራር ትመጣባታለች፣ በስልኩ መስታወት ላይ ግማሽ ፊቷ ብቻ የሚታይ፤ ቃሉን መልሳ ትውጠዋለች። ቆሻሻ አልሞላም፤ ቢሆንም ባልዲውን አንስታ ወደ ውጪ በር ወጣች። ጋሽ ገብረየስ አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። ዕቃቸውን በአንዲት ከረጢት ሸክፈውት አየች። ከኒሙ ሥር ያሉት ሾፌሮች ቀና ብለው አዩዋት። እሷም ባልዲውን ደፍታ ተመለሰች፤ አጎቷ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። በዚያች ቅጽበት ሰው ሁሉ አስጠላት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሷ።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። መኪናው ተበታትኗል፤ ሳህን የሚቀመጥበት ወንበርም የለም፤ ጋሽ ገብረየስ ሳይቀምሱ ዋሉ። ዓስር ከተሰገደ በኋላ ሉጥፊያ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥታ ተቀመጠችና ዘበኛውን አስጠራች። «አንቺም ነይ» አለች ረሺዳን፣ «የሱ ዓረብኛ ሰላምታ ላይ ነው የሚያልቀው፤ አስተርጉሚልኝ።» ጋሽ ገብረየስ ከደረጃው ሥር ቆሙ። ረሺዳ ከጎናቸው ልትቆም ስትመጣ ሲያዩ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉና፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» አሉ።

«ጠይቂው» አለች ሉጥፊያ። «መኪናዬ ውስጥ በልቷል?»

ረሺዳ ወደ አጎቷ ዞረች። በወራት ውስጥ ቀና ብላ ፊታቸውን ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የግራ ዓይናቸው ላይ ሞራ ነገር ጀምሯል፤ አላወቀችም ነበር። «መኪናው ውስጥ በልተዋል ወይ ትላለች።»

«በልቻለሁ በያት። ሽሮው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ምን ብዬ እክዳለሁ።»

«በልቷል» አለች ረሺዳ በዓረብኛ።

«ቁልፉን ማን ሰጠው?»

«ቁልፉን ማን ሰጠዎት ትላለች።»

«ሰው ሳይኖር ወጥ ቤት ገብቼ ራሴ ወሰድኩ በያት።»

«አጎቴ፣ ይህን ካልኩ እኮ ፖሊስ ነው። የሴቶች ቤት ገቡ ማለት ነው።»

«ፖሊስ ቢወስደኝ የት ሊያደርሰኝ ነው? ገላባት። ከገላባት ወዲያ አገሬ ነው። እኔ እንደሆንኩ ዱሮም እንግዳ ነኝ። አንቺ ግን የጀመርሽውን ጨርሺ፤ ልጅሽን አስቢ። በያት አልኩሽ!»

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች ሉጥፊያ። «እንዲህ የሚያስረዝመው ምን አለው?»

ረሺዳ አፏን ከፈተች። ቃሉ ተዘጋጅቶላታል፤ አጎቷ ራሳቸው ጠፍጥፈው ሰጥተዋታል፤ እሷ የሚቀራት ወደ ዓረብኛ መገልበጥ ብቻ ነው። ጅዳ ያለችው ከዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ማዶ ነበር። ባለፈው ወር ውሃ ማጠጫው ክፍት ሲያድር ሉጥፊያ «ይህን ደደብ ሽማግሌ ደደብ መሆኑን ንገሪልኝ» ብላት ነበር፤ ያኔ አስተርጉማለች። ቃል በቃል አስተርጉማለች። እሳቸውም «እሺ በያት» ነበር ያሉት። ዛሬ ግን ምላሷ እንቢ አላት። ድፍረት አይደለም፤ ንዴት ነው፤ በሉጥፊያም በጅዳም በራሷም ላይ የቆየ ንዴት።

«ማማ» አለች፣ «ቁልፉን ራሴ ወሰድኩ በያት ይለኛል፤ ለኔ ብሎ ነው፤ እሱ ወጥ ቤት አልገባም። መኪናውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሳህኑን የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ያገኘሽውን ገብስ የቆላሁት እኔ ነኝ። ይህ ሰው ኻሊ ነው፤ የእናቴ ወንድም።»

ኻሊ የምትለዋን ቃል ጋሽ ገብረየስም ያውቋታል፤ የሰፈሩ ሕፃናት አጎቶቻቸውን ሲጠሩ በየቀኑ ይሰማሉ። «አንቺ ልጅ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ሉጥፊያ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን አየች። አፍንጫቸውን ታስተያይ ይመስል ነበር።

«የእናትሽ ወንድም? ነስራኒ?»

«አዎ።»

«እኔ በፊትሽ ስሰድበው?»

«አዎ።»

«ስድቡን አስተርጉሚ ስልሽ… አስተረጎምሽለት?»

ረሺዳ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሉጥፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ቀላ፤ ያፈረችው በራሷ ይሁን በረሺዳ የሚታወቅ አልነበረም። «ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ?» አለች፣ ጩኸቷ ጠፍቶ። ረሺዳም «ሥራ የምትፈልግ ሰው» አለቻት።

ሉጥፊያ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ረሺዳ ወባ ሲይዛት ሐኪም ቤት አብራት ያደረች ሴት ናት። ግን የተታለለች መሰላት፤ የተታለለ ሰው ደግሞ ደግነቱን ሁሉ መልሶ ይቆጥራል። የቀለበቷን ድንጋይ እያዞረች ተነሣች። «በረመዳን ሽማግሌ አላባርርም። ይቆይ። እኛ ስንሄድ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ለዘመዱ ብሎ በራሱ ላይ የሚዋሽ ሰው ቤቴን አይሸጥብኝም። አንቺ ግን ጅዳ አትሄጂም። አራት ዓመት አብራኝ ኖራ ያላወቅኳትን ሴት አውሮፕላን አሳፍሬ ልጆቼ መሀል አላስገባም። ከሱ ጋር እዚሁ ቤቱን ጠብቂ። አብዱልወሃብን አይጥ ነው እለዋለሁ፤ አይጥ የማንንም መኪና ይበላል። ከላስ፣ አለቀ። ያላ፣ ሾርባው እንዳያርር።» መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ገብረየስ።

«ይቆዩ አለች።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

ጋሽ ገብረየስ ቆባቸውን አጥልቀው ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ በሩ ሄዱ። ረሺዳ ሾርባውን አማሰለች፤ ቴምር ደረደረች፤ አብሬ የሚሉት የረመዳን መጠጥ ላይ በረዶ ጨመረች። እንባ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልመጣም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የመኪናው ሞተር ድንገት ተነሥቶ አጓራ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ጂብሪል እጁን በቤንዚን እየታጠበ መንገዱ ላይ ምንጣፍ ወደሚያነጥፉት ሰዎች ሄደ። ረሺዳ የቤቱን ማዕድ አሰናዳችና የራሷን ቴምር በአንድ እጇ፣ ኪስራ በሽሮ የሞላውን ሳህን በሌላው ይዛ ወጣች። በጓሮ አልሄደችም። ሉጥፊያ በተቀመጠችበት ሳሎን መስኮት ሥር፣ በፊት ለፊቱ በረንዳ፣ ሾፌሮቹ እያዩዋት ሄደች፤ ሳህኑን አንገረቡ ላይ አስቀምጣ ከጎኑ ቁጭ አለች።

«አንሺልኝ» አሉ ጋሽ ገብረየስ። «አልበላም።»

«ከትናንት ጀምሮ አልቀመሱም።»

«ጅዳን በላሁብሽ፤ እሱ አይበቃም?» ሳህኑን ወደሷ ገፉት። «በደስታ ነበር እኮ የምሄደው። አሁን ሲነጋ ሲመሽ እያየሁሽ እንዴት ልኖር ነው?»

«እያዩኝ ይኑራ!» አለች ረሺዳ፣ ቁጣ ቁጣ ብሏት። «እኔስ እያየሁዎት አይደል ስኖር የከረምኩት?»

አዛኑ ከመስጊዱ ተሰማ። መንገዱ ላይ ያሉት ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ ምንጣፉ አጎነበሱ። ረሺዳ «ቢስሚላህ» ብላ ቴምሯን አፏ ውስጥ ከተተች፤ አጎቷን ግን እያየች አላላመጠችውም። ጋሽ ገብረየስ አማተቡና አንድ ጉርሻ ቆረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ፤ ዋጡ።

«ጨው የለውም» አሉ።

«አልቀመስኩትማ፣ ጾመኛ ነኝ።»

ሁለተኛውን ቆረሱ። «የትናንቱም አልነበረውም።»

«የትናንቱም?»

«ረመዳን ከገባ ጀምሮ የለውም።»

ረሺዳ ወደሳቸው ዞረች። «ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

ጋሽ ገብረየስ ቀና ብለው አዩዋት።

«በምን አውቄሽ?» አሉ።